ሪፖርቱ ጥሩ፣ ቀለሙ ልክ ያልሆነ፦ የአንድ ሞኒተር ካሊብሬሽን (የቀለም ማስተካከያ) ማስታወሻ

መነሻ

ሞኒተሩ 27 ኢንች፣ አይፒኤስ የተባለው የኤልሲዲ ዓይነት ፓነል የተገጠመለትና ከኤስአርጂቢ (ከተለመደው የኮምፒውተርና የኢንተርኔት የቀለም መስፈርት) ሰፋ ያለ የቀለም ክልል የሚያሳይ ሲሆን፣ በዋናነት የምገለገልበት ለፎቶ እርማት ነው። ስክሪን ላይ ተቀምጦ ቀለምን በሚለካው መሣሪያ፣ በኮሎሪሜትር፣ ተለክቶ የአይሲሲ ፕሮፋይል (የሞኒተሩን ቀለሞች ለፕሮግራሞች የሚገልጽ ፋይል) ተሠርቶለታል፤ የመለኪያ ፕሮግራሙ ሪፖርትም አማካይ ስህተቱ ከ1 ዴልታ ኢ በታች መሆኑን ያሳያል። ዴልታ ኢ በሁለት ቀለሞች መካከል ያለውን ርቀት የሚገልጽ ቁጥር ነው፤ ወደ 1 ሲጠጋ ዓይን ልዩነቱን የሚለየው በጭንቅ ነው። በሪፖርቱ መሠረት ችግር የለም፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ከሪፖርቱ ጋር አይገጥምም።

ቅሬታዎቹን ለየብቻ መዝግቤያለሁ። ነጩ ገጽ በትንሹ ወደ ሮዝ ያደላል። ጥቁሩ የደበዘዘ፣ አመድማ ነው። ከጥቁር ቀጥለው ያሉት ግራጫዎች አንዱ ወደ አረንጓዴ፣ ቀጣዩ ወደ ማጀንታ (ሐምራዊ ሮዝ) እያሉ ይፈራረቃሉ። ኮምፒውተሩ ከስሊፕ ሲነሳ የስክሪኑ ቀለም አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ ከነበረው ተለውጦ ይገኛል። አንድን ፎቶ በብሮውዘርና በፎቶሾፕ ጎን ለጎን ስከፍተው ቀዩ ቀለም አንድ አይደለም። ህትመቱም ከስክሪኑ ጨለም ብሎ ይወጣል።

ቀለም ከፋይሉ ተነሥቶ ዓይን እስኪደርስ በፕሮግራሙ፣ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ እያንዳንዱ የቀለም ቁጥር በምን ቁጥር ተተክቶ እንደሚላክ በሚወስነው የግራፊክስ ካርዱ ሠንጠረዥ፣ በኬብሉ፣ በሞኒተሩ ኤሌክትሮኒክስና በጀርባ ብርሃኑ በኩል ያልፋል። እነዚህ ቅሬታዎች የተለያዩ ጣቢያዎች ላይ የሚፈጠሩ ስለሚመስሉ፣ ፕሮፋይሉን ደጋግሞ ከመሥራት ይልቅ እያንዳንዱን ጣቢያ ለብቻው ነጥሎ መፈተሽና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ይሻላል ብዬ ወስኛለሁ።

መሣሪያዎቹ፦ ኮሎሪሜትር፣ ለአጭር ጊዜ በውሰት የተገኘ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ዲስፕሌይካል የተባለው ነፃ ፕሮግራምና ልኬቱን ከሥር ሆኖ የሚያካሂድለት አርጊል ሲኤምኤስ፣ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ያሉ ግራጫዎች የተደረደሩበት የሙከራ ምስል፣ እንዲሁም የስክሪን መጥረጊያ ለስላሳ ጨርቅ።

ከሞኒተሩ ሜኑ መጀመር

የቀድሞውን ፕሮፋይል ከሲስተሙ አንሥቼ፣ የግራፊክስ ካርዱን ሠንጠረዥ ወደ ቀጥተኛ መስመር መልሼ፣ ሞኒተሩንም ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ሴቲንግ መልሻለሁ። ከዚያም በራሳቸው ጊዜ ብርሃን ወይም ቀለም የሚቀይሩትን ነገሮች በሙሉ አጥፍቻለሁ፤ ዳይናሚክ ኮንትራስት፣ ኃይል ቆጣቢ ሞድ፣ የክፍሉን ብርሃን የሚያነበው ሴንሰር፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀንሰው ሞድ፣ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ደግሞ የማታ ብርሃን። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢረሳ ሙሉው ልኬት ዋጋ ያጣል፤ ምክንያቱም ዳይናሚክ ኮንትራስት የሚለካው ካሬ ጥቁር ሲሆን የጀርባ ብርሃኑን ዝቅ፣ ነጭ ሲሆን ከፍ ስለሚያደርግ፣ መለኪያው በእያንዳንዱ ካሬ ላይ የሚያገኘው የተለየ ሞኒተር ነው።

ሞኒተሩ እስኪሞቅ ሠላሳ ደቂቃ ያህል መጠበቅ እንደሚያስፈልግ የታወቀ ነው። ይህ በዚህኛው ፓነል ላይ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት አንድ ነጭ ካሬ ላይ ኮሎሪሜትሩን አስቀምጬ ከመብራቱ ጀምሮ በየተወሰነ ደቂቃ ለካሁ። ብሩህነቱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሲንቀሳቀስ ቆይቶ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ረጋ፤ ነጩም በዚያው መጠን ከሰማያዊ ወደ ቢጫ በጥቂቱ ተንሸራተተ። ከዚህ በኋላ ያሉት ልኬቶች በሙሉ ሞኒተሩ ከሞቀ በኋላ የተወሰዱ ናቸው።

ኬብልና ሲግናል

የደበዘዘውን ጥቁር በዚህ ደረጃ ይዣለሁ። በጥቁር መደብ ላይ ከ1 እስከ 20 ያሉ ካሬዎችን የሚያሳይ ምስል ስከፍት ካሬዎቹ ሁሉ ይለያሉ፤ ይህ በራሱ ጥሩ ምልክት ነው። ሆኖም መደቡ ራሱ፣ ማለትም 0፣ ጥቁር ሳይሆን ጥቁር ግራጫ ነው። በኮሎሪሜትር ሲለካ ነጩ 167 ካንዴላ በካሬ ሜትር (የብሩህነት መለኪያ ነው)፣ ጥቁሩ 0.65 ሆነ። ይህም ኮንትራስቱ 257 ለ 1 ነው ማለት ነው፤ አይፒኤስ ፓነል ግን በአብዛኛው ወደ 1000 ለ 1 የሚጠጋ ኮንትራስት ይሰጣል።

ሞኒተሩ የተገናኘው በኤችዲኤምአይ ነው። ይህ ዓይነት ግንኙነት ከቴሌቪዥን ዓለም የመጣ በመሆኑ ሲግናሉ በሁለት መንገድ ሊላክ ይችላል፤ ወይ ከ0 እስከ 255 ባለው ሙሉ ክልል፣ ወይ ከ16 እስከ 235 ባለው ውሱን ክልል። የግራፊክስ ካርዱ በውሱን ክልል እየላከ ሞኒተሩ ሙሉ ክልል እንደመጣለት አድርጎ ሲቀበል፣ ጥቁሩ 16 ላይ፣ ነጩ 235 ላይ ይቆማል። ሒሳቡም ከተለካው ጋር ይገጥማል። በ2.2 ጋማ (ጋማ የሲግናሉ ቁጥር ወደ ብርሃን የሚለወጥበት ከርቭ ነው) 235 የሚሰጠው ብርሃን የ255 84 ከመቶ ያህል ሲሆን፣ 16 ደግሞ ከነጩ በ1000 ውስጥ ሁለት እጅ ያህል ብርሃን በጥቁሩ ላይ ይጨምራል። በድራይቨሩ ሴቲንግ የተላከውን ክልል ወደ ሙሉ፣ የቀለሙንም ዓይነት ብሩህነትንና ቀለምን ለይቶ ከሚልከው ዋይሲቢሲአር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን በቀጥታ ወደሚልከው አርጂቢ ስቀይር፣ ያው ሞኒተር በያው ሴቲንግ ነጩን 200፣ ጥቁሩን 0.2 ካንዴላ አድርሶ አሳየ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የቀድሞው ፕሮፋይል የተሠራው በዚህ በተጨመቀ ሲግናል ላይ ነበር፤ የሪፖርቱ ቁጥር ግን ያማረ ነበር። ፕሮፋይል ሞኒተሩ በዚያ ሰዓት የሚያሳየውን የሚገልጽ ሰነድ ነው፤ ሲግናሉ ከተበላሸም የተበላሸውን በትክክል ይገልጸዋል። ስለዚህ የሪፖርቱ ትክክለኛነትና የስክሪኑ ትክክለኛነት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ድራይቨሩ አፕዴት ሲደረግ ሴቲንጉ ሳይነገር ወደ ውሱን ክልል ተመለሰ። እንደገና ማስተካከል ይቻላል፤ ነገር ግን በየአፕዴቱ ማስታወስ የሚጠይቅ መፍትሔ አስተማማኝ ባለመሆኑ ወደ ዲስፕሌይፖርት ኬብል ተሸጋግሬያለሁ፤ በዚህ ግንኙነት ካርዱ ከመጀመሪያው በሙሉ ክልልና በአርጂቢ መላክ ጀመረ። ለጠቅላላው ሥራ አዲስ የተገዛው ዕቃ ይህ ኬብል ብቻ ነው።

መለኪያው ራሱ

ጥቁሩ ከተስተካከለ በኋላ ነጩን ዲ65 በሚባለው መደበኛ የቀን ብርሃን ነጭ ላይ ለማሳረፍ ሞከርሁ። የዲ65 አድራሻ በ1931 በወጣው የሲአይኢ (የዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን) የቀለም ካርታ ላይ ኤክስ 0.3127፣ ዋይ 0.3290 ነው። ፕሮግራሙ ነጩ እዚያው ነጥብ ላይ መድረሱን አረጋገጠ። ዓይን ግን አሁንም ሮዝ ያየዋል፤ ነጭ ገጽ ከፍቼ ጥቂት ደቂቃ ብቆይም ስሜቱ አልጠፋም። ዓይን ብርሃንን እየተላመደ የሚያታልል መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ልምምዱ ካለፈ በኋላም የሚቀጥል ሮዝነት በልምምድ ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ኮሎሪሜትሩ ዞረ። ኮሎሪሜትር በውስጡ ባሉት የቀለም ማጣሪያዎች አማካይነት የሰውን ዓይን ለመምሰል የሚሞክር መሣሪያ ነው። ማጣሪያዎቹ ግን የመደበኛውን ዓይን ምላሽ ከሚገልጹት የሲአይኢ ከርቮች ጋር ፍጹም ስለማይገጥሙ፣ በአንድ ዓይነት የጀርባ ብርሃን ላይ ልክ የሆነው መሣሪያ በሌላው ላይ ይስታል። የተለመደው ነጭ ኤልኢዲ በ450 ናኖሜትር አካባቢ ባለ ሰማያዊ ብርሃንና ሰፋ ባለ ቢጫ ፎስፈር (ብርሃን ተቀብሎ በሌላ ቀለም የሚያበራ ንጥረ ነገር) የሚሠራ ሲሆን፣ ሰፊ የቀለም ክልል ያላቸው በርካታ ሞኒተሮች ደግሞ በ630 ናኖሜትር አካባቢ እንደ መርፌ የቀጠኑ ቀይ ጫፎች ያሉት ፎስፈር ይጠቀማሉ። የማጣሪያው ከርቭ በእነዚያ ቀጫጭን ጫፎች ላይ ጥቂት ከተሳሳተ፣ ቀዩ በሙሉ በተሳሳተ ሚዛን ይነበባል።

የዚህ ሞኒተር የጀርባ ብርሃን የትኛው እንደሆነ ለመገመት ንጹሕ ቀዩን ለካሁት፤ ኤክስ 0.68፣ ዋይ 0.31 አካባቢ ነው። የኤስአርጂቢ ቀይ በ0.64 እና 0.33 ላይ ስለሚቀመጥ፣ ይህ ቀይ ከተራ ነጭ ኤልኢዲ የሚመጣ አይደለም። በፕሮግራሙ ውስጥ የተመረጠው ማስተካከያ ግን ለአጠቃላይ ኤልሲዲ የተዘጋጀው ነበር።

ለሰፊ ክልል የተዘጋጀውን የማስተካከያ ፋይል መምረጥ ብቻ ነጩን በሚታይ መጠን አንቀሳቀሰው፤ ነገር ግን ከሁለቱ ንባቦች የትኛው እንደሚታመን የሚያረጋግጥ ሦስተኛ ወገን ያስፈልግ ነበር። ስፔክትሮፎቶሜትሩን የተዋስሁት ለዚህ ነው። ይህ መሣሪያ ብርሃኑን በሞገድ ርዝመቱ ከፋፍሎ ስለሚለካ የጀርባ ብርሃኑ ዓይነት አያሳስተውም፤ ድክመቱ በጨለማ ቀለሞች ላይ ንባቡ የሚንቀጠቀጥና ዘገምተኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ልኬት በእሱ ማካሄድ አያስፈልግም። ነጭን፣ ቀይን፣ አረንጓዴንና ሰማያዊን በሁለቱም መሣሪያዎች፣ በስክሪኑ አንድ ቦታ ላይ፣ ሳላንቀሳቅስ በየተራ ለካሁ፤ ፕሮግራሙም ከልዩነታቸው የኮሎሪሜትሩን ንባብ የሚያርም ባለ ሦስት በሦስት ማትሪክስ አዘጋጀ። ይህ ማትሪክስ የሚያገለግለው ለዚህ ኮሎሪሜትርና ለዚህ ሞኒተር ጥምረት ብቻ ነው።

ኮሎሪሜትሩ ዲ65 ነው ያለው ያ ነጭ በማትሪክሱ ታርሞ ሲነበብ ኤክስ 0.318፣ ዋይ 0.324 ሆነ። ኤክስ መጨመሩ፣ ዋይ መቀነሱ ነጩን ወደ ሮዝ የሚገፋ አቅጣጫ ነው፤ የርቀቱም መጠን ዓይን በቀላሉ የሚያየው ነው። ዓይን ትክክል ነበር ማለት ነው። ቀድሞ የነበረው ሪፖርት ይህን ስህተት ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ሞኒተሩን ያስተካከለውም፣ ሥራውን የመረመረውም ያው የተዛባ መሣሪያ ነው። ሚዛኑ ራሱ ካዘነበለ፣ በእሱ የተመዘነውን በእሱ መልሶ መመዘን ስህተቱን አያወጣውም።

ኋይት ፖይንትና ብሩህነት

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነበር። ሞኒተሩ ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ተመልሶ ሦስቱም የቀለም ማስተካከያዎች 100 ላይ ሳሉ፣ ነጩ በኤክስ 0.305፣ በዋይ 0.318 ተነበበ፤ ይህም ወደ 7070 ኬልቪን የሚጠጋ፣ ሰማያዊ የበዛበት ነጭ ነው። በሜኑው ውስጥ 6500 የሚል ፕሪሴት (አስቀድሞ የተዘጋጀ ምርጫ) አለ፤ ሲለካ ግን 6500 ላይ አልተገኘም። ቢገኝ እንኳ አይበቃም ነበር፤ የኬልቪን ቁጥር የሚናገረው ከቢጫ ወደ ሰማያዊ ባለው መስመር ላይ ያለውን ቦታ እንጂ፣ ነጩ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ማድላቱን አይደለም። 6500 ኬልቪን ተብሎ አረንጓዴ የሆነ ነጭም፣ ሮዝ የሆነ ነጭም ሊኖር ይችላል። ሁለቱን የኤክስና የዋይ ቁጥሮች መመልከት የግድ ነው።

ፕሮግራሙ ሦስት የቀለም ዘንጎችን እያሳየ በእያንዳንዱ ለውጥ ንባቡን ያድሳል። ሰማያዊውን ወደ 91፣ አረንጓዴውን ወደ 98 ዝቅ አድርጌ፣ ቀዩን በ100 ትቼ ዲ65 ላይ ደርሻለሁ። ሦስቱንም ዝቅ ማድረግ አያስፈልግም፤ ቢያንስ አንዱ ጫፍ ላይ ካልቀረ ኮንትራስት በከንቱ ይባክናል። ኮንትራስት የሚለውን ቁልፍ በነበረበት ትቼ፣ ብሩህነቱን በጀርባ ብርሃኑ በኩል ወደ 120 ካንዴላ አውርጃለሁ።

ይህን በሞኒተሩ ሜኑ መሥራት እየተቻለ ሁሉንም ለግራፊክስ ካርዱ ሠንጠረዥ መተው አይበጅም። ካርዱ የሚልከው በ8 ቢት ከሆነ በእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ አሉ፤ ነጩን ለማስተካከል የሰማያዊው ጫፍ ከ255 ወደ 230 አካባቢ ቢወርድ 25 የሚያህሉ ደረጃዎች ይጠፋሉ፤ የቀሩትም ባልተስተካከለ ርቀት ይደረደራሉ። ውጤቱ ሰማይን በሚያሳይ ፎቶ ላይ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ጥላ ነው።

ከጥቁር ቀጥለው ያሉ ግራጫዎች

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ነው። አዲስ ካሊብሬሽን ከተሠራ በኋላም ከ10 እስከ 40 ባሉት ግራጫዎች ላይ አረንጓዴና ማጀንታ መፈራረቁ አልቀረም፤ ከ60 በላይ ያለው ግን ንጹሕ ነው።

በመጀመሪያ የሞከርሁት ልኬቱ ከዝቅተኛው ፍጥነት ጋር እንዲካሄድ ማድረግ ነው። በጨለማ ካሬዎች ላይ ወደ መሣሪያው የሚደርሰው ብርሃን አነስተኛ ስለሆነ ረዘም ያለ ንባብ ይጠቅማል። መሻሻል ታየ፤ መፈራረቁ ግን ቀጠለ። ቀጥሎ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ አጨልሜ፣ ሞኒተሩን ወደ ኋላ በጥቂቱ አዘንብዬ መሣሪያው በራሱ ክብደት በፓነሉ ላይ ተኝቶ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ቀደም ሲል ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ ኬብሉ ከላይ ሲጎትተው፣ በመሣሪያው ታችኛው ጠርዝ በኩል ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር። ጥቁሩ 0.12 ካንዴላ በሆነ ስክሪን ላይ በዚያ ክፍተት የሚገባ የክፍል ብርሃን ከሚለካው ጋር የሚወዳደር ነው። ይህ እርምጃ ከ10 በታች ያሉትን ካሬዎች አስተካከለ።

የቀረው የመጣው ከጋማው ነው። በሞኒተሩ ሜኑ የተመረጠው የ2.2 ፕሪሴት ሲለካ በእውነቱ 2.05 ነበር። ዒላማው 2.2 ስለሆነ፣ የካርዱ ሠንጠረዥ ሙሉውን ከርቭ ወደ ታች እየጎተተ ነበር፤ በጨለማው ክፍል ሁለት ሦስት ደረጃዎች ወደ አንድ እየተጣበቁ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው በተለያየ ቦታ ስለሚጣበቁ ግራጫው በአንዱ እርከን አረንጓዴ፣ በቀጣዩ ማጀንታ ይሆናል። ሌሎቹን ፕሪሴቶች ለካሁ፤ 2.4 የሚለው 2.24 ሰጠ። ስያሜውን ወደ ጎን ትቼ ይህንኑ መረጥሁ። የካርዱ ከርቭ ከዚያ በኋላ ቀጥተኛ መስመር ሊባል ምንም አልቀረውም፤ የሚያርመው ጥቂት ከሆነ የሚያበላሸውም ጥቂት ነው።

የጥቁርን ነጥብ ቀለም ለማረም የሚያስችል አማራጭ በፕሮግራሙ ውስጥ አለ፤ እሱን አጥፍቻለሁ። የፓነሉ ጥቁር በተፈጥሮው ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ይህን ለማረም የሚቻለው ቀይና አረንጓዴ ብርሃን በመጨመር ብቻ ነው፤ ይህም ጥቁሩን ከፍ ያደርገዋል። በጥቂቱ ሰማያዊ የሆነ ጥልቅ ጥቁር፣ ንጹሕ ከሆነ የደበዘዘ ጥቁር ለፎቶ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከስሊፕ በኋላ የሚጠፋው ካሊብሬሽን

በአይሲሲ ፕሮፋይል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው የሞኒተሩን ቀለሞች የሚገልጸው ክፍል ነው፤ ይህን የሚያነቡት እንደ ፎቶሾፕ ያሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ሁለተኛው ቪሲጂቲ የተባለው ክፍል ሲሆን፣ አንድ ጫኝ ፕሮግራም አንሥቶ በግራፊክስ ካርዱ ሠንጠረዥ ላይ ይጭነዋል። ይህ ሠንጠረዥ ማንም ፕሮግራም ሊጽፍበት የሚችል ስለሆነ ሳይታወቅ ሊጠፋ ይችላል፤ ሲጠፋ ደግሞ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ የመጀመሪያው ክፍል ግን ሠንጠረዡ እንደተጫነ ቆጥሮ መሥራቱን ይቀጥላል።

ችግሩ ለውጡ ስውር በመሆኑ መቼ እንደሚከሰት አለመታወቁ ነው። ስለዚህ ሆን ብዬ አረንጓዴውን በግማሽ የሚቀንስ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ በአርጊል በኩል ጫንሁት። ስክሪኑ በሙሉ ወይን ጠጅ ሆነ፤ ሠንጠረዡ በጠፋበት ቅጽበት ስክሪኑ ወደ ተለመደው ቀለሙ ስለሚመለስ ጥፋቱን ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። ከዚያ አንድ በአንድ ሞከርሁ፦ ሞኒተሩን ማጥፋትና ማብራት፣ ተጠቃሚ መቀየር፣ ቪዲዮን በሙሉ ስክሪን ማጫወት፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚጠይቀውን መስኮት መክፈት፣ የማታ ብርሃንን ማብራትና ማጥፋት፣ ኬብሉን ነቅሎ መሰካት፣ ስሊፕ።

ወይን ጠጁ የጠፋው በሦስት ሁኔታዎች ነው፤ የማታ ብርሃን ሲጠፋ፣ ኬብሉ ተነቅሎ ሲሰካ፣ ከስሊፕም ሲነሳ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በመሠረቱ አንድ ናቸው፤ ከስሊፕ ሲነሳ ሲስተሙ ሞኒተሩን እንደ አዲስ የተሰካ አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚያን ጊዜ ሁለት ጫኞች እኩል ይነሳሉ፤ አንደኛው የዲስፕሌይካል፣ ሁለተኛው ከግራፊክስ ድራይቨሩ ጋር አብሮ የተጫነ የቀለም ማስተካከያ ፕሮግራም። ሁለተኛው የራሱን ቀጥተኛ ሠንጠረዥ ይጭናል፤ ካሊብሬሽኑ የሚቀረው ወይም የሚጠፋው ማን ቀድሞ ማን ተከተለ በሚለው ነው። ጥፋቱ አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚታይበት ምክንያትም ይኸው ነው።

የድራይቨሩን የቀለም ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዳይነሳ ከልክዬ፣ የማታ ብርሃንንም ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ፣ ጫኙ አንድ ብቻ እንዲሆን አድርጌያለሁ። ወይን ጠጁ ሠንጠረዥ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ስሊፕ አልጠፋም። ትክክለኛው ፕሮፋይል ከተመለሰ በኋላም ይህን የሙከራ ሠንጠረዥ አስቀምጬዋለሁ፤ ድራይቨር በተቀየረ ቁጥር እንደገና ይጠቅማል።

ብሮውዘርና ፎቶ ማሳያ

ሰፊ የቀለም ክልል ባለው ሞኒተር ላይ ፕሮፋይል የማያነብ ፕሮግራም 255፣ 0፣ 0 የሚለውን ቀይ በቀጥታ ለፓነሉ ይልከዋል፤ ፓነሉም የራሱን የደመቀ ቀይ ያሳያል። ኤስአርጂቢ በ1996 ሲቀርብ የታሰበው ቀይ ግን ከዚህ የረጋ ነው። ብሮውዘሩ ፕሮፋይል ያልተያያዘባቸውን ምስሎች ሳይተረጉም ያልፋቸው ነበር። በፋየርፎክስ የውስጥ ማስተካከያ ገጽ የቀለም አስተዳደር ሞድ የሚለውን ከ2 ወደ 1 ስለውጥ፣ ምልክት የሌለው ምስል ሁሉ ኤስአርጂቢ ተብሎ መታየት ጀመረ፤ ቀዩም ከፎቶሾፕ ጋር ተገናኘ።

አንድ ፎቶ ማሳያ ፕሮግራም ግን ጥላዎቹን እያቆሸሸ ማሳየቱን ቀጠለ። የተሠራው ፕሮፋይል ብዙ ነጥቦች ያሉትን ሠንጠረዥ የያዘ ዓይነት ነበር፤ በትክክለኛነቱ የተሻለ ቢሆንም ሁሉም ፕሮግራም በአግባቡ አያነበውም። በአንድ ከርቭና በማትሪክስ የተሠራ፣ የጥቁር ነጥብ ማካካሻ ያለው ፕሮፋይል ስተካ ጥላዎቹ ጸዱ። የፓነሉ ባሕርይ ቀድሞውኑ የተስተካከለ በመሆኑ ከትክክለኛነቱ የጠፋው በጣም ጥቂት ነው።

በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ ያለውን የኤስአርጂቢ ሞድ ለሚጠቀም ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ያ ሞድ የራሱ ፕሮፋይል ያስፈልገዋል። ሞዱን ቀይሮ የሰፊውን ክልል ፕሮፋይል መተው ቀለሙን ሁለት ጊዜ ይቀንሰዋል፤ ፊት የታመመ ሰው ፊት ይመስላል።

ላፕቶፑና ህትመቱ

ላፕቶፑን በያው ዒላማ ካሊብሬት አድርጌ አጠገቡ ሳስቀምጠው፣ ሁለቱም ዲ65 ተብለው እየተነበቡ ነጫቸው አልተመሳሰለም። የላፕቶፑ የጀርባ ብርሃን ተራ ነጭ ኤልኢዲ ነው፤ ስፔክትረማቸው በዚህን ያህል ሲለያይ የ1931ዱ ከርቭ አንድ የሚላቸው ነጮች ለዓይን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የላፕቶፑን ነጭ በዓይን እያመሳሰልሁ አንቀሳቅሼ፣ የደረስሁበትን ነጥብ ለክቼ ዒላማ አድርጌዋለሁ። ዋናውን ሞኒተር አልነካሁም።

ህትመቱ የጨለመው ስክሪኑ ስለበራ ነው። በስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ከፍቼ፣ ባዶ ወረቀት ከአጠገቡ በሥራ መብራቱ ሥር ይዤ ብሩህነታቸውን አነጻጸርሁ፤ ስክሪኑ በ120 ካንዴላ ከወረቀቱ ይበልጣል። ወደ 100 ካንዴላ ሳወርደው ተቀራረቡ። የህትመት መመልከቻ ሁኔታን የሚደነግገው አይኤስኦ 3664 ለተራ ግምገማ 500 ሉክስ፣ ለጥብቅ ንጽጽር 2000 ሉክስ በዲ50 (ከዲ65 ይልቅ ወደ ቢጫ በሚያደላ መደበኛ) ብርሃን ይጠይቃል፤ መብራቱ ደካማ በሆነበት ጠረጴዛ ላይ ህትመትን ጨለመ ብሎ መፍረድ ለህትመቱ ፍትሐዊ አይደለም። ብሩህነቱ ስለተቀየረ ነጩን እንደገና ለክቼ፣ ሰማያዊውን በአንድ ነጥብ አስተካክዬ ፕሮፋይሉን ደግሜ ሠርቻለሁ።

ማረጋገጫና የቀረው

የማረጋገጫ ልኬቱን ፕሮፋይሉ ሲሠራ ባልተካተቱ ቀለሞች፣ ኤስአርጂቢን ዒላማ በማድረግ፣ በማትሪክስ በታረመው ኮሎሪሜትር አካሂጃለሁ፤ ነጩን፣ መካከለኛውን ግራጫና ሦስቱን ዋና ቀለሞች ደግሞ ስፔክትሮፎቶሜትሩ ከመመለሱ በፊት በእሱ አጣርቻለሁ። ሁለቱ መሣሪያዎች ተስማምተዋል። አማካዩ ስህተት አሁንም ከ1 ዴልታ ኢ በታች ነው፤ ማለትም በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር መጀመሪያ ከነበረው ብዙም አልራቀም፤ ስክሪኑ ግን ሌላ ነው።

ያልተፈታው የፓነሉ አለመመጣጠን ነው። የቀኝ ታችኛው ጥግ ከመሐሉ በ9 ከመቶ ያህል ይደበዝዛል፤ ነጩም እዚያ በጥቂቱ ይሞቃል። ፕሮፋይል ስክሪኑን በሙሉ እንደ አንድ ገጽ ስለሚገልጽ ይህን ሊያርም አይችልም፤ በሞኒተሩ ውስጥ የተሠራ የማመጣጠኛ ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ይህኛው የለውም። ስለዚህ የፊት ቀለም የሚወሰንበትን የፎቶ ክፍል ወደ ስክሪኑ መሐል እያመጣሁ እሠራለሁ፤ የፎቶሾፕን የመሣሪያ ሰሌዳዎችም ወደዚያ ጥግ አዛውሬያለሁ።

የአሁኑ ሴቲንግ፦ የጋማ ፕሪሴት 2.4፣ ቀይ 100፣ አረንጓዴ 98፣ ሰማያዊ 90፣ ኮንትራስት በፋብሪካው፣ ብሩህነት 100 ካንዴላ፣ ግንኙነት በዲስፕሌይፖርት ሙሉ ክልል። የጀርባ ብርሃኑ በጊዜ ብዛት ስለሚለዋወጥ ነጩን በየወሩ እለካለሁ፤ ፕሮፋይሉን የምደግመው ነጩ ከዲ65 በሚታይ መጠን ከራቀ ወይም የድራይቨርና የሞኒተር ሴቲንግ ከተነካ ነው።